ጭሱ ለማን ይጤሳል? የእንፋሎት ባቡር ቀረጻና የለገሃር ሐዲድ

ከልደታ ጣቢያ በቀላል ባቡር የተሳፈረ ሰው ተግባረ ዕድንና ሜክሲኮን አልፎ ለገሃር ይወርዳል። መንገዱ አጭር ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሄድ ጭስም እንፋሎትም የለውም። ስሙ ግን እንፋሎት ነው። «ባቡር» የምንለው ቃል ሥሩ የአውሮፓውያኑ «ቫፖር» ሲሆን በዐረብኛ በኩል ዞሮ ደርሶናል። በየገጠሩ በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ ሳይቀር ባቡር ብለነዋል። «ለገሃር»ም ፈረንሳዮች ጣቢያ የሚሉበት «ላ ጋር» ነው፤ ስለዚህ «ለገሃር ባቡር ጣቢያ» ስንል ጣቢያን ሁለት ጊዜ እየጠራን መሆኑን ልብ አንልም። እንፋሎቱ ከሐዲዱ ላይ ከጠፋ አሥርት ዓመታት አልፈውታል፤ አፋችን ላይ ግን አለ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን በፊልም ስለመቅረጽ እዚህ አገር ሆኖ የሚጽፍ ሰው የሚነሣው ከዚህ ነው።

የባቡር ፊልም ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ የሚጠራው የሉሚየር ወንድማማቾች ሥራ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ ላ ሲዮታ በምትባል ከተማ አንድ ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ያሳያል፤ ርዝመቱ 50 ሰከንድ ያህል ነው። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1896 መጀመሪያ፣ ከአድዋ ጦርነት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ከሰጡ ያኔ ሁለት ዓመት ሆኗል። በፈረንሳይኛው ርዕስ ውስጥ ያለው «ጋር» የእኛው ለገሃር ውስጥ ያለው ቃል ራሱ ነው። ተመልካቹ ባቡሩ የሚጨፈልቀው መስሎት ሸሸ የሚለውን ወሬ የፊልም ታሪክ አጥኚዎች ይጠራጠሩታል፤ እኔም ብዙ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያ ፊልም ሎኮሞቲቩ ገና ከመድረሱ ከክፈፉ ይወጣል። የቀረው ጊዜ የሰው ነው፦ የሚወርድ፣ የሚሳፈር፣ በር የሚፈልግ፣ ካሜራውን አይቶ የሚደናገር።

ዛሬ በቅርስነት በተያዙ ሐዲዶች ላይ የሚደረገው ቀረጻ ይህን ገልብጦታል። እንግሊዞች በ1951 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ የታሊሊንን ባቡር በበጎ ፈቃደኞች ማንቀሳቀስ ከጀመሩ ወዲህ ልማዱ ዓለምን አዳርሷል፤ ኪራይ ከፍለው ለመቅረጽ ብቻ የሚጓዙ ማኅበሮችም አሉ። አሠራራቸው ይህን ይመስላል። ባቡሩ መልክዓ ምድሩ ያማረ ቦታ ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከካሜራዎቹ ጀርባ ይሰለፋል። ባቡሩ ባዶውን ወደ ኋላ ያፈገፍግና እያጓራ፣ ጭሱን እየተፋ በፊታቸው ያልፋል። ካልተዋጣ ይደገማል። በላ ሲዮታ ሎኮሞቲቩ ወጥቶ ሰው ቀረ፤ እዚህ ሰው ወጥቶ ሎኮሞቲቩ ቀረ።

የጭሱ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። ሥራውን የሚያውቅ እሳት አንዳጅ ድንጋይ ከሰሉን በስሱ ይበትናል፣ አየር እንዲያገኝ ያደርጋል፤ እሳቱ ሲስተካከልለት ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሳሳ ያለ ነው። ድቅድቅ ጥቁር ጭስ ማለት ሳይቃጠል የሚባክን ከሰል ማለት ነው። ለዚያ ሰው ጥቁር ጭስ ነውር ነው። ካሜራ የያዘው እንግዳ ግን የሚጠብቀው እሱኑ ስለሆነ፣ ባቡሩ ሊያልፍ ሲል አንዳጁ አካፋ ሙሉ ከሰል ሆን ብሎ ይጨምርለታል። በየፎቶው የምናደንቀው ደመና እንግዲህ የእጅ ጥበብ አይደለም። ባለሙያው ጥበቡን ለደቂቃ ወደ ጎን የተወበት ምልክት ነው።

ከሕያው የእንፋሎት ሐዲዶች ለእኛ የሚቀርበው የኤርትራው ነው። ከምፅዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ መስመር ከነፃነት በኋላ በጡረተኛ ሠራተኞች ጉልበትና ትዝታ ተጠግኖ ዳግም ተንቀሳቅሷል፤ የውጭ አገር ቀራጮችም ጎርፈውለታል። አንሳልዶ የሠራቸው የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ማሌ» ሎኮሞቲቮች ሁለት የመንኮራኩር ስብስብ አላቸው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ምት ይዞራሉ። ምቶቹ አንዴ ይገጥማሉ፣ አንዴ ይለያያሉ፤ ነገሩ ከበሮና ጭብጨባ እንደተሳሳቱበት መዝሙር ያለ ነው። ብዙው ቀረጻ ግን የሚጨነቀው ለገደሉና ለጭሱ ነው። ያንን መስመር ከፍርስራሽ ያነሡት ሽማግሌዎች በመስኮት ብቅ ብለው የሚያልፉ ፊቶች ሆነው ቀርተዋል። ይህን ስል ያለ እነዚያ ከፋዮች ሎኮሞቲቮቹ ያን ያህል ላይንቀሳቀሱ ይችሉ እንደነበር ሳልዘነጋ ነው።

ወደ እኛው መስመር ስንመጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ሥራ በ1895 ድሬዳዋን ወለደ፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ነጩ የእንፋሎት ደመና የሚፈጠረው አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በቆላው ደረቅ ሐሩር ውስጥ እንፋሎት ከጭስ ማውጫው ሳይርቅ ይጠፋል። በፊልም የለመድነው የባቡር ምስል የእንግሊዝ ጥዋት ምስል ነው ለማለት ያስደፍራል። በኢሳና በአፋር ምድር የባቡሩ ወግ ውሃ ነው፦ የት ይገኛል፣ እስከየት ያደርሳል። ተሳፋሪውም በቀን እየተጓዘ ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር። ያን የሚያሳይ ፊልም ቢሠራ ጀግናው ጭስ አይሆንም፤ ጥም ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ቦታውን ያዙ። እንፋሎቱ በሠራበት ዘመን ካሜራው በአብዛኛው የባዕድ ነበር፤ ለ1923ቱ የዘውድ በዓልም ሆነ ለጦርነቱ የመጡት ቀራጮች ከነሣጥናቸው የገቡት በዚሁ ባቡር ነው። በዚያ በዓል ዘውድ የጫኑት ንጉሠ ነገሥት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አገር ጥለው የወጡትም በእሱ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ሲኒማ ራሱ ገና «የሰይጣን ቤት» ከተባለበት ጊዜ ብዙም አልራቀም ነበር። የራሳችን ዐይን በዚያ ሐዲድ ላይ ሳያርፍ እንፋሎቱ አለፈ።

ታዲያ ዛሬ ምን ይቀረጽ? ቀዝቃዛ ሎኮሞቲቭ አጠገብ የጭስ ማሽን ማቆም በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው መልስ ነው። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ዘመን ያለፋቸው የብረት መቁረጫ ማሽኖች አሉ፤ መሣሪያውን በፈረንሳይኛ ስሙ የሚጠሩ፣ በ«ሽመንደፈር» (በምድር ባቡሩ) ደመወዝ ልጆች ያሳደጉ ሰዎች አሉ። ብሎን የሚፈታ እጅ ቀርቦ ቢቀረጽ፣ ያ ሰው የሚፈታውን ነገር ስም ሲጠራ ድምፁ ቢያዝ፣ ከአንድ ሺህ ደመና የበለጠ ስለ ባቡር ያስረዳል። ድምፅ ቀራጭ ከካሜራ ባለሙያ ቀድሞ መላክ አለበት ባይ ነኝ።

ባለፈው አንድ ቀን ከልደታ ተሳፍሬ ለገሃር ወረድኩና በ1922 ዓ.ም. ከተመረቀው ጣቢያ ፊት ስልኬን አውጥቼ 50 ሰከንድ ቀረጽኩ። ካሜራውን አላንቀሳቀስኩም፤ ማንንም ዞር በል አላልኩም። ቤት ገብቼ ሳየው የይሁዳ አንበሳ በሐውልቱ ላይ ቆሟል። ጃንጥላ የዘረጋች ሴት አለፈች። አንድ ሊስትሮ ሣጥኑን አንሥቶ ወደ ጥላው ተጠጋ፣ ካሜራውን አየ፣ ፀጉሩን አስተካከለ። የታክሲ ረዳት ሳይታይ «ሜክሲኮ፣ ልደታ፣ ጦር ኃይሎች» ሲል ይሰማል። በ41ኛው ሰከንድ ቀላል ባቡሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ሊስትሮው ገና ክፈፉ ውስጥ ነበር።