ከእጅ ወደ አእምሮ፤ በተግባር ላይ ስለተመሠረተ የፊዚክስ ትምህርት የቀረበ ሂስ

ፊዚክስ በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር ጭምር መሰጠት እንዳለበት ዛሬ የሚጠራጠር የትምህርት ባለሙያ የለም ለማለት ይቻላል። አከራካሪው ጉዳይ «ተግባር» ሲባል ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ተማሪው ዕቃ ስለ ነካ ብቻ ፊዚክስ ተምሯል ይባላልን? ይህ ጽሑፍ በዚህ ረገድ በሰፊው ከታወቁት ሥራዎች አንዱ የሆነውን የዩኔስኮን የሣይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ መነሻ በማድረግ ጥያቄውን ይመረምራል።

የመጽሐፉ መሠረት የተጣለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቶቻቸውን ላወደመባቸው አገሮች መምህራን እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ አነስተኛ መምሪያ ታተመ። መምሪያው ቤተ ሙከራ ፈጽሞ ላልነበራቸውም አገሮች ጠቃሚ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰፍቶ በምንጭ መጽሐፍነት ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ እንደ አዲስ ተዘጋጀ። መጽሐፉ ከጠርሙስ፣ ከሽቦ፣ ከጣሳና ከእንጨት የትምህርት መሣሪያ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። «መሣሪያ ስለሌለ ማስተማር አይቻልም» የሚለውን ምክንያት ከመምህሩ አንደበት ማስወገዱ ከፍ ያለ ውለታ ነው።

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ጥንካሬ ባለበት ስፍራ ድካሙም ይገኛል። በአመዛኙ የሚያተኩረው መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራና ሙከራው እንዴት እንደሚከናወን በማስረዳት ላይ ነው። ተማሪው ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚጠብቅ፣ ያገኘው ውጤት ከጠበቀው ሲለይም መምህሩ ምን ማድረግ እንዳለበት የተሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። መመሪያን ደረጃ በደረጃ ብቻ የሚከተል ተማሪ እጁ ሲሠራ አእምሮው ሊያርፍ ይችላል።

ለዚህ የውኃ መፍላት ግልጽ ምሳሌ ነው። ተማሪው ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብሎ ተምሯል። ይህ ቁጥር ግን በባሕር ጠለል ላይ ላለው የአየር ግፊት የሚሠራ ነው። አየሩ እየሳሳ በሄደ መጠን ግፊቱ ስለሚቀንስ ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በመሆኑም ቴርሞሜትሩ በጋምቤላ ከተማ 98፣ በአዲስ አበባ 92፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ 91 ገደማ ያሳያል። በአዲስ አበባ 92 ያነበበ ተማሪ «ተሳስተሃል» ተብሎ 100 እንዲጽፍ ቢታዘዝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚማረው ዓይኑን መጠራጠርንና መጽሐፍን ማጎብደድን ነው። በአንጻሩ መምህሩ «ቴርሞሜትሩ ጉድለት ይኖረው ይሆን? በምን እናረጋግጣለን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መሣሪያው በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ይነከራል፤ 0 ካሳየ ጥርጣሬው ከቴርሞሜትሩ ወደ ከተማይቱ ከፍታ ይሸጋገራል። ፊዚክስ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ለዓለም ሁሉ የተዘጋጀ መጽሐፍ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ከፍታ ሊያውቅ አይችልም፤ ይህን ማሟላት የአገር ሥርዓተ ትምህርት ኃላፊነት ነው።

ብዙ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይህ አይቻልም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ፔንዱለም ሲጠና ለእያንዳንዱ ቡድን የሚያስፈልገው ገመድ፣ ድንጋይና ሰዓት ብቻ ነው። ከመስቀያው እስከ ድንጋዩ መካከል 1 ሜትር ሆኖ በትንሹ ሲወዛወዝ፣ 20 ምልልስ 40 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ድንጋዩ በከባድ ቢለወጥስ? ርዝመቱ ወደ 25 ሳንቲሜትር ቢያጥርስ? ተማሪዎች ግምታቸውን አስቀድመው በደብተራቸው ይጻፉ። ብዙዎች ከባዱ ይፈጥናል፣ ርዝመቱ ሩብ ሲሆን ጊዜውም ሩብ ይሆናል ብለው ይገምቱ ይሆናል። ልኬቱ ግን ክብደት ለውጥ እንደማያመጣ፣ ጊዜውም በግማሽ ቀንሶ 20 ሴኮንድ ያህል እንደሚሆን ያሳያል። ግምቱን በጽሑፍ ያሰፈረ ተማሪ ከዚህ ውጤት ሊሸሽ አይችልም።

ይህ አስተያየት በጥናት የተደገፈ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ሄክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በ62 የፊዚክስ ኮርሶች የተማሩ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ውጤት መርምረዋል። ተማሪዎች ከትምህርቱ በፊት ካልነበራቸው ግንዛቤ ውስጥ በተለመደው ዘዴ የተማሩት በአማካይ 23 በመቶውን፣ በተሳትፎ የተማሩት ደግሞ 48 በመቶውን አግኝተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በተሳትፎ የተባለው ዘዴ አእምሮን ዘወትር፣ እጅን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሠራ፣ በውይይትም ወዲያው የሚታረም መሆኑ ነው። እጅ ብቻውን በቂ ነው አልተባለም።

እንግዲህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለትምህርት ቤቶች የታደሉትን መሣሪያዎች በመቁጠር ብቻ ሊረኩ አይገባም። የመምህሩ መምሪያ ከእያንዳንዱ ሙከራ ጋር የግምት ጥያቄና ለአካባቢው የሚስማማ ልኬት ይያዝ። ፈተናዎችም ተማሪው የልኬት ሠንጠረዥ አንብቦ እንዲፈርድ የሚጠይቁ ይሁኑ፤ በፈተና የማይጠየቅ ነገር በክፍል ውስጥ ብዙ አይዘልቅምና። መምህሩ በበኩሉ መሣሪያውን ከማደሉ በፊት «ምን ይሆናል ትላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በጀት አይጠይቅም።