ተቀበል!

«አሳታፊ ኪነ ጥበብ» ይሉናል። አርቲስቱ ድርሰቱን ጽፎ ይመጣል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ሪፖርቱ «ኅብረተሰቡ ተሳትፏል» ይላል። ይሄ ተሳትፎ ከሆነማ ንፍሮ የቀመሰ ሁሉ ሐዘንተኛ ነው!

ሳንጃም ሆነ ጎንደር አዝማሪ ካለበት ቤት ግቡ። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። እርግጥ፣ ለመሸለም ኪስ ይጠይቃል። ቃሉ ግን የሰጪው ነው፤ ሹሙንም ይሸነቁጥበታል።

ይሄ የገባው ባዕድም አለ። እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በ1996 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ከጎዳና ልጆች ጋር ሥራ ሲጀምር ልጆቹን አጃቢ አላደረጋቸውም፤ መድረኩን ሰጣቸው። «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድንም ከእነሱ ወጣ።

እንግዲህ አርቲስት ሆይ፣ ከጎንደር ወደ ሳንጃ ስትወርድ ድርሰትህን አቆየው። መጀመሪያ መቀበል ልመድ።