የጉንጩ ዝናና የባንዱ ሥራ፦ ዲዚ ጊሌስፒን እንደገና ስለመመዘን

በአሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔተር ዲዚ ጊሌስፒ ላይ የተጻፈው አብዛኛው ሂስ የሚያተኩረው ቢቦፕ በተባለው የጃዝ ስልት መሥራችነቱና በትራምፔት አነፋፍ ፍጥነቱ ላይ ነው። መለኪያው ሁልጊዜ ሶሎ ስለሆነም ከሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር ጎን ይቆምና ሁለተኛ ይወጣል። ያበጠው ጉንጩና ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አፉ ወደ ላይ የቀና ትራምፔቱ ለፎቶ አንሺ ተመችተው የቀረውን ሥራውን ጋርደውበታል። ጊሌስፒ በዋናነት መመዘን ያለበት በባንድ መሪነቱ፣ በተለይም ከ1946 እስከ 1950 በመራው ቢግ ባንድ ነው ባይ ነኝ። ከእሱ በኋላ ፈጣን ትራምፔተር አልጠፋም። ለአምስት ሰው የተፈጠረን ውስብስብ ሙዚቃ ለትልቅ ባንድ አስፍቶ ሕይወቱን ሳያጣ ማስኬድ ግን ሌላ ችሎታ ይጠይቃል።

በ1947 ማብቂያ የተቀዳውን «ማንቴካ»ን እንመልከት። ዋናውን ሐሳብ ያመጣው ኩባዊው የኮንጋ ተጫዋች ቻኖ ፖዞ ሲሆን ያቀናበረው ጊል ፉለር ነው። ባስና ኮንጋ ይጀምራሉ፤ ሳክስፎኖች ሌላ ሐረግ ይደርቡበታል፤ ከዚያ ትሮምቦኖችና ትራምፔቶች ይገባሉ። አንዱም ሐረግ ለብቻው ቢሰማ ያን ያህል አያስደንቅም፤ ጉልበቱ የአንዱ ምት ከሌላው ጋር በሚፋተግበት ቦታ ላይ ነው። (የሙላቱ አስታጥቄን የ1966 «አፍሮ-ላቲን ሶል» አልበሞች የሚያውቅ ጆሮ ይህ እንግዳ አይሆንበትም።) ጉድለቱም እዚያው አለ። የፖዞ ሐሳብ መካከለኛ ክፍል ስላልነበረው ጊሌስፒ አሥራ ስድስት ባር ጻፈለት። ኮርዶቹ ውብ ናቸው፤ ሆኖም ተደራራቢው ምት ይላላል፣ ኮንጋው ወደ ጌጥነት ይወርዳል። የቴኖር ሳክስፎን ሶሎ ሲመጣማ ባንዱ ኩባን ትቶ ሃርለም ይገባል። በአድናቆት ብዛት ይህን ስፌት አላየንም ማለት ለሥራው ክብር አይሆንም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ የሌሎች ሥራ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእርግጥም ፖዞን ለጊሌስፒ ያስተዋወቀው፣ በካብ ካሎዌይ ባንድ ከጊሌስፒ ጋር የሠራው ማሪዮ ባውዛ ነው፤ ባውዛ ከማቺቶ ባንድ ጋር «ታንጋ»ን የሠራውም በ1943 ነበር። የኩባን ምት ከጃዝ ጋር በማዋሐድ ፈር ቀዳጅነቱ የባውዛ ነው፤ አያከራክርም። የባንድ መሪ ጥበብ ግን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ ማወቅ ነው። ጆን ልዊስ፣ ሚልት ጃክሰንና ኬኒ ክላርክ «ሞደርን ጃዝ ኳርቴት»ን ከመመሥረታቸው በፊት የተገናኙት በጊሌስፒ ባንድ ውስጥ ነው፤ ወጣቱ ጆን ኮልትሬንም አልፎበታል። በ1956 ለአሜሪካ መንግሥት ጉዞ በተዋቀረው ባንድ ውስጥ ሜልባ ሊስተን ትሮምቦን ትጫወትና ታቀናብር ነበር፤ በዘመኑ ቢግ ባንዶች ውስጥ ሴት መሣሪያ ተጫዋች ብርቅ በነበረችበት ጊዜ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

የ1946ቱ ባንድ በ1950 መበተኑን የመሪው ውድቀት አድርጎ መቁጠርም አያስኬድም፤ በዚያው ዓመት ካውንት ቤዚ እንኳ ቢግ ባንዱን አፍርሶ በአነስተኛ ቡድን ተወስኖ ነበር። ይልቅ ያስቆጨኝ ከዚያ ወዲህ በብዙዎቹ የአነስተኛ ቡድን ቅጂዎቹ ላይ የምንሰማው ጊሌስፒ ነው፦ እንከን የማይወጣለት፣ ተጫዋች፣ ቀልደኛ፣ ግን የሚያዋቅረው ነገር ያጣ ሰው።