ሰኞ የሚገባ ጾም፦ ንስሐ እና የሰው ሐቅ በደሴ

ጾመ ነነዌ ምንጊዜም ሰኞ ይገባል። ከጥር 17 አይቀድም፣ ከየካቲት 21 አያልፍም፤ በዚህ መካከል ከፍ ዝቅ ቢልም ሰኞን አይለቅም። ሰኞ ደግሞ የደሴ የገበያ ቀን ነው፤ ሰኞ ገበያ የተባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ማለዳ ኪዳን አድርሶ የተመለሰ ምእመን ረፋዱ ላይ ሚዛን ይይዛል። ጾሙና ገበያው የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። የሚያስነሡት ጥያቄ ግን የንስሐ ትምህርታችንን መሠረት ይነካል፦ በሚዛን የተሠራ በደል በስግደት ይሰረያል ወይ?

ትንቢተ ዮናስ በምዕራፍ 3 የሚሰጠው መልስ የማያሻማ ነው። የነነዌ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፤ ሰውም እንስሳም እንዲጾም አዘዘ። አዋጁ ግን በጾሙ አያበቃም፤ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ከያዘው ግፍ እንዲመለስ ይጠይቃል። እግዚአብሔር ያየው ተብሎ የተጻፈውም ከክፉ መንገዳቸው መመለሳቸው ነው፤ ስለ ማቁ አልተነገረም። እኛ የአዋጁን የመጀመሪያ ክፍል አጥብቀን ይዘናል። እጅን የሚመለከተውን ክፍል ግን በየዓመቱ እናነበዋለን እንጂ የገበያ ሕግ አላደረግነውም።

ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ተነሳሒው ያዝናል፣ ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል፣ ቀኖና ተቀብሎ ይፈጽማል፣ ከዚያም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል። የተለመደው ቀኖና ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት ነው። አራቱም መልካም ናቸው፤ የተበደለውን ሰው ደጅ የሚያንኳኳ ግን ከመካከላቸው የለም። ምጽዋት እንኳ የሚሰጠው ለድኻ ነው፤ የተበደለው ሰው ደግሞ ድኻ ላይሆን ይችላል። ቀራጩ ዘኬዎስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ይህን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃል። የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሲሰጥ፣ የቀማቸውን ሰዎች ግን ለብቻ አንሥቶ አራት እጥፍ እንደሚመልስላቸው ይናገራል። ምጽዋቱን ከካሳው አላቀላቀለም። ብዙዎቻችን ንስሐችንን የምናበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ከአንዱ የወሰድነውን ለሌላው መጽውተን ሒሳቡ የተዘጋ ይመስለናል።

የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዚህ የቀረበ ክርክር አስተናግዳለች። ያን ጊዜ በግብፅ ኃጢአትን በዕጣን ፊት ለብቻ መናገር ይበቃል የሚል ልማድ ነበር። ማርቆስ ኢብን ቁንባር የተባለ ካህን ግን የሚሰማ ካህን ከሌለ ኑዛዜ የለም ብሎ ተነሣ። ሰውየው ቢወገዝም፣ ለካህን መናዘዝ ከእርሱ በኋላ ጸና። ኃጢአት በሰው ጆሮ ፊት መነገር ካለበት፣ የተበደለው ሰው ጆሮ ከዚህ ለምን ይቀራል?

ወሎ ውስጥ ጥያቄው ይከብዳል። በደሴ ገበያ የተጭበረበረው ሰው ሙስሊም ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ የበዳዩ የንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና እርሱን አይመለከተውም። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ግን መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ሲል፣ የወንድሙን ሃይማኖት አይጠይቅም። ጎረቤትየውም ነገሩን ያውቀዋል። በቁርኣን 10ኛው ምዕራፍ በነቢዩ ዩኑስ፣ ማለትም በዮናስ፣ ስም ተሰይሟል፤ የዩኑስ ሕዝብም አምኖ ከቅጣት እንደ ዳነ ይነገርበታል። በእስልምና ትምህርትም የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት (ንስሐ) ሐቁ ሳይመለስ አይሞላም። ደም በፈሰሰበት ጠብ አባጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አቀራርበው ካሳ ያስከፍላሉ። ለቀማኛ ሚዛን ግን ይህን የመሰለ መንገድ አላበጀንም።

መመለስ ከሌላው ሲጀመር ምን እንደሚያመጣም ይህ አገር ያውቃል። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረውን የቤተ ክርስቲያን ክርክር ከዘጉ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጦልሐን የመሰሉት እምቢ ብለው ታገሉ። የነነዌው ንጉሥ በገዛ እጁ ካለው ግፍ ጀመረ፤ የቦሩ ሜዳው አዋጅ የሌላውን ሰው ልብ አዘዘ። ይህን መናገር የእኛን ቤት ንስሐ የሚመለከት ስለሆነ አልሸሸውም።

የቅርቡ ፈተና ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። በጦርነቱ ጊዜ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የተባበሩት መንግሥታት በኮምቦልቻ የእርዳታ መጋዘኖች እንደተዘረፉ፣ ከተወሰደውም ውስጥ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀ አልሚ ምግብ እንዳለበት አስታውቆ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የምግብ እደላውን አቆመ። በዘረፋው የትግራይ ኃይሎች አባላትም፣ ከአካባቢው ነዋሪ የተወሰኑ ሰዎችም እንደተሳተፉ ተገልጾ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ ካህን ፊት ቀርቦ አንድ ጆንያ ተሸክሜ ገብቻለሁ ቢል፣ ቀኖናው ምን ይሁን? እህሉ ተበልቷል፤ ባለቤቱም በስም አይታወቅም። እንደ እኔ ከስግደቱ በፊት የጆንያው ልክ ተሰፍሮ፣ እህሉ ሊደርስላቸው ወደነበሩት ወደ ተራቡት ሕፃናት መሄድ አለበት። የተወሰደው ከሚታወቅ ሱቅ ከሆነ ግን ዕቃው ወይም ዋጋው ወደ ሱቁ ይመለስ። የኑዛዜ ምሥጢር ስለማይገለጥ፣ የንስሐ አባቱ የተነሳሒውን ስም ሳይጠራ ሊያደርስለት ይችላል። ባለሱቁ ሙስሊም ከሆነም ካህኑ ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ ገንዘቡን ለባለቤቱ ሊያስረክብ ይችላል።