መልእክተኛ ብቻ ነውን? ስለ አር.ኤን.ኤ. አስተማመር የቀረበ ሂስ

አር.ኤን.ኤ.ን የጂን መልእክተኛ ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ትምህርት ጎዶሎ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ ከወስፋት ወገን በሆነ ደቃቅ ትል ውስጥ 22 ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት አር.ኤን.ኤ. የሌላውን ጂን መልእክት እንደሚገታ አሳይተዋል፤ በ2024ም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የሩቭከን ቡድን በ2000 ሌት-7 የተባለውን ደቂቅ አር.ኤን.ኤ. በሰውም በቀለበታማ ትሎችም አገኘ፤ በኋለኞቹ የታየው ትሉ ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው።

በደምበል አካባቢ ላለ ተማሪ ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም፣ የምድር ትል የባሕሩ ቀለበታማ ትል ዘመድ ነው። ስለዚህ መምህሩ ቀመር ከማስሸምደድ ይልቅ «እጩና አዋቂው ትል አንድ ዓይነት ጂን ይዘው ስለምን ይለያያሉ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ለዚህ ጥያቄ ክፍለ ጊዜ ሊመድቡለት ይገባል።