አንቱታና ፆታ በአማርኛ

ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ዝነኛ ጥናት፣ ሰው አነጋጋሪውን የሚጠራበትን ተውላጠ ስም የሚወስኑት ሥልጣንና ቅርበት ናቸው አሉ። መነሻቸው እንደ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያሉ የአውሮፓ ቋንቋዎች ነበሩ። እነዚህ ቋንቋዎች «አንተ»ን ከ«አንቺ» ስለማይለዩ ፆታ የትንታኔው አካል አልሆነም። አማርኛን በዚህ ሚዛን ብቻ መመዘን ግን አይቻልም።

በአማርኛ ነጠላ ቁጥር ፆታ የሚለየው አንቱታ በሌለበት ነው። «መጣህ» እና «መጣሽ»፣ «መጣ» እና «መጣች» እንላለን። ወደ አክብሮት ስንሻገር ልዩነቱ ይጠፋል፤ አባትም እናትም «እርስዎ» ናቸው፣ ሁለቱም «መጡ» ይባልላቸዋል። አባም እማሆይም እንዲሁ። ሴት በዕድሜ፣ በምንኩስና ወይም በሹመት አንቱ ስትባል ግሱ ከወንዱ እኩል ያደርጋታል። ፆታዋ የሚታወሰው እንደ እኩያ ወይም እንደ ታናሽ ስትጠራ ነው።

በዚህ በቅርበቱ መንደር ተናጋሪው ፆታን እያገላበጠ ይጠቀምበታል። እናት ትንሽ ወንድ ልጇን «ነይ የኔ ቆንጆ» ብትለው ፍቅር ነው፤ የአዲስ አበባ ወጣቶች ሴት ጓደኛቸውን «አንተ፣ ና እንጂ» ቢሏት መቀራረብ ነው። ጠብ ሲነሣ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ጎልማሳ ወንድን «አንቺ» ማለት ከባድ ስድብ ነው፤ ሴትን «አንተ» ማለት ያን ያህል አያዋርዳትም። አንስታይ ጾታ ትንሽንና የሚወደድን ነገር ማመልከቻ መሆኑ («ይቺ ቤት») ቁልምጫውን ያስረዳል፤ ስድቡን የሚያስረዳው ግን ሰዋስው ሳይሆን ማኅበረሰቡ ለሴት የሰጠው ቦታ ነው።

ይህ ቦታ በማዕረግ ስሞችም ይታያል። «ወይዘሮ» ቀድሞ የመሳፍንትና የመኳንንት ወገን ሴት መጠሪያ ነበር፤ ኋላ ላገባች ሴት ሁሉ ሆነ። ያላገባችው «ወይዘሪት» ናት። «አቶ» አገባም አላገባም አቶ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው «ጓድ» ወንዱንም ሴቷንም በአንድ ስም ጠራ፤ ነገር ግን የሥርዓቱ ማኅተም ስለነበር በ1983 ዓ.ም. ከደርግ ጋር ከአደባባይ ወረደ። አቶና ወይዘሮም እንደ ቀድሞው ቀጠሉ።

በ2011 ዓ.ም. ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር ሲሆኑ ዜና አንባቢዎች «ፕሬዚዳንቷ ተናገሩ» ማለት ጀመሩ። ስሙ ሴትነታቸውን ይናገራል፤ ግሱ ያከብራቸዋል እንጂ ፆታ አይጠይቅም። ማንም ሳያውጅ፣ ቋንቋው ራሱ ሴትነትንና ክብርን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስማማ።

የመሥሪያ ቤት ቅጾቻችን ግን እዚህ አልደረሱም። ወንዱን ስለ ትዳሩ ሳይጠይቁ «አቶ» ብለው ሲያልፉት፣ ሴቷን «ወ/ሮ» ወይስ «ወ/ሪት» ብለው ያቆሟታል። ጉዳዩ ትዳርን የማይመለከት ከሆነ ይህ ጥያቄ ከቅጾቹ ሊወጣ ይገባል።