ደስ የሚል ርካሽ መኪና በቦሌ ከፍታ

አዲስ አበባ ውስጥ ለመንዳት ደስ የሚል ያገለገለ መኪና ሲመረጥ ከፈረስ ጉልበት በፊት ከፍታ ይታሰባል። የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የአየር ግፊቱም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። መንደርደሪያው ከ3.5 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲረዝም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተርም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል። 70 ፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ባለ 1 ሊትር ቪትዝ ገርጂ ላይ 53 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ቱርቦ ጉድለቱን ያካክሳል፤ ያረጀ ቱርቦ ማሠራት ግን ርካሽ የተባለውን መኪና ውድ ያደርገዋል።

ጉልበት በዚህ ከተማ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ሁሉ ስለሚቀንስ የሚያዋጣው ቀላል መኪና ነው። አሮጌው ቮልስ 800 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ሞተሩ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣውም አየር ስለሆነ ራዲያተር የሚባል ጣጣ የለበትም። ቀርፋፋ ነው፤ ቢሆንም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ቮልስ የሚያስደስት መኪና ጥቂት ነው። ለዕለት ሥራ የሚሻለው ማንዋል ቪትዝ ወይም ያሪስ፣ አለዚያም ሱዙኪ ስዊፍት ነው። አውቶማቲክ በቦሌ መጨናነቅ ግራ እግርን ያሳርፋል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን በሳሳ አየር ትንሽ ሞተርን በሚፈለገው ዙር ላይ ማቆየት የሚቀለው ማርሹን ነጂው ራሱ ሲመርጥ ነው። ላዳም የኋላ ጎማ ነጂ በመሆኑ ወዳጆች አሉት፤ መሪው ግን ክንድ ይጠይቃል፣ ብዙዎቹም ዕድሜያቸውን በታክሲነት የጨረሱ ናቸው።

ርካሽ የሚለው ቃል እዚህ አገር ልኩን ስቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ገበያው የሚዞረው አገር ውስጥ ባሉት መኪኖች ላይ ነው፤ ሃያ ዓመት ያለፈው መኪናም ዋጋውን ይዞ ይቆያል። ገዢ በደላላ አፍ ሳይሆን በዓይኑና በጆሮው መታመን ያለበትም ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚታየው መሪ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሻገረች ከጃፓን የመጣ መኪና መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ሥራው በጥሩ እጅ ካልተሠራ የመንዳት ደስታው እዚያው ያልቃል። የፍሬቻው ማንሻ ከመሪው በስተቀኝ ከሆነ መጠርጠር ነው። የዝናብ መጥረጊያው ሲሠራ በነጂው በኩል ያለውን የመስታወት ጥግ ሳይጠርግ የሚተው ከሆነም ጥርጣሬው ይጠነክራል። ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር በእጅ ባትሪ ገብቶ የተቆረጠ ላሜራና የብየዳ ጠባሳ መፈለግ ነው።

ሞተሩ የሚነሳው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ በሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ይሻላል፤ ሰማያዊ ጭስ የሚታየው ያኔ ነው። ቀጥሎ ገርጂ ወይም ጎሮ ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ይነዳል፤ ሬዲዮው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይከፈት። የላላ ቦል ጆይንትና ያለቀ ሾክ አብዞርበር ድምፃቸውን አይደብቁም። ፍሪሲዮን የሚፈተነው ዳገት ላይ ነው፦ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ አልቋል። ጊዜ ያለው እስከ እንጦጦ ቢወጣ የሞተሩን ሙቀትም ያያል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ፍሬኑን ይነግረዋል።

የመለዋወጫው ነገር አያሳስብም። የቶዮታ ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ብርቅ መኪና የገዛ ግን አንድ የመብራት ሽፋን ፍለጋ ወራት ሊቆም ይችላል።

በመጨረሻ የሻሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ እገዳ ወይም ዕዳ እንደሌለበት ይጣራል፣ ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረማል። ቁጥሩ ሳይመሳከርና እገዳው ሳይጣራ ቀብድ አይከፈል።